ከማኖቬላ እስከ ስልክ፦ መኪናን ከሩቅ የማስነሳት ታሪክ

የዛሬው ጽሑፌ ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ደወለልኝ። ክፍል ውስጥ ከኋላ ተቀምጦ ሬዲዮ ሲፈታታ የምይዘው ልጅ ነበር። አሁን አግብቶ የሁለት ዓመት ልጅ አለችው፤ ያገለገለች ቪትዝም ገዝቷል። "ቲቸር፣ አንድ ነገር ላማክርዎት። መኪናዬ ቁልፏ ኪስ ውስጥ እያለ በተን ተጭነው የሚያስነሷት ዓይነት ናት። አንድ ባለሙያ ደግሞ ከቤት ሆነህ በስልክህ የምታስነሳበት ዕቃ ልግጠምልህ አለኝ። የደብረ ታቦርን ጠዋት ያውቁታል፤ ብርዱ አያስቀምጥም። ላስገጥም ወይስ ልተው?" አለኝ።

እኔ የታሪክ መምህር እንጂ መካኒክ አይደለሁም። ግን ጥያቄው ሁለት ቀን አላስተኛኝም። ያነበብኩትን አነበብኩ፣ ጋራዥ ያሉ ወዳጆቼን ጠየቅሁ። ሳጣራው ጉዳዩ የታሪክ ጉዳይ ሆኖ አገኘሁት። ሰው መኪና ለማስነሳት ከመኪናው ምን ያህል መራቅ ይችላል? ሲርቅስ በሱ ቦታ ማን ይቆማል? ይሄ ጥያቄ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል።

በኛ አካባቢ ደግሞ ከዚያም ይቀድማል፤ ስለዚህ ከጋፋት ልጀምር።

ጋፋት ከከተማችን ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የሚርቀው። ዓፄ ቴዎድሮስ እነ ዋልድማየርንና ሌሎች አውሮፓውያን ሠራተኞችን ሰብስበው መድፍ ያስቀለጡበት ቦታ ነው። ሴባስቶፖል የተባለው ትልቁ መድፍ ሰባት ቶን ገደማ ይመዝናል፤ በኛ አቆጣጠር 70 ኩንታል መሆኑ ነው። በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ንጉሡ ከደብረ ታቦር ተነስተው መድፉን በጋሪ አስጭነው ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ። የደረሱት በመጋቢት ነው፤ ወደ ስድስት ወር ፈጀባቸው። መንገድ ስላልነበረ ከፊት ከፊት እየተሠራ ነው የተጓዙት። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ያነሱ እንደነበር ተጽፏል።

ተማሪዎቼን ሁልጊዜ የምጠይቃቸው አንድ ጥያቄ አለ። "70 ኩንታል ብረት በጎማ ላይ ተጭኖ ዳገቱ ነው የሚከብደው ወይስ ቁልቁለቱ?" ሁሉም "ዳገቱ!" ይላሉ። ዳገቱ ላይ የሚጎትት ጉልበት ከተገኘ ይወጣል፤ ጉልበት ካጠረም ቆሞ ያርፋል። ቁልቁለቱ ላይ ግን የሚይዝ እጅ ከሌለ ጋሪው ከፊቱ ያለውን ሰው ጨፍልቆ ገደል ይገባል። ተሽከርካሪ ነገር ማንቀሳቀስ ግማሹ ሥራ ነው፤ ሌላው ግማሽ መያዝ ነው። ይቺን ያዙልኝ፣ ኋላ እንመለስባታለን።

አሁን ወደ ዓፄ ምኒልክ ዘመን እንለፍ። ስልክና መኪና ወደ ሀገራችን የገቡት በአንድ ንጉሥ ዘመን ነው። ስልክ ይቀድማል፤ በ1880ዎቹ ዓ.ም. ነው የገባው። መኪና የመጣው በ1900 ዓ.ም. ሲሆን ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ሲድሌይ የተባለችውን መኪና ከጅቡቲ ተነስቶ መንገድ በሌለበት በረሃ አዲስ አበባ አደረሳት። ንጉሡም ተሳፈሩባት። ስልኩና መኪናው በአንድ ቤተ መንግሥት ተገናኙ ማለት ነው። ይሁንና ስልኩ መኪናዋን ለማዘዝ መቶ ዓመት ገደማ ጠበቀ።

ያኔ መኪና እንዴት ነበር የሚነሳው? በማኖቬላ! ልጆች የሆናችሁ ስለማታውቁት ልንገራችሁ፤ ማኖቬላ ጠማማ ብረት ነው። ከመኪናው አፍንጫ ስር ሰክተህ ሞተሩን በክንድህ ታዞረዋለህ። ሞተሩ ያለጊዜው ከተኮሰ ብረቱ ወደ ኋላ ይመታሃል፤ ክንድ ይሰብራል፣ መንጋጋም ይመታል። ስለዚህ የድሮ ሹፌሮች ሕግ ነበራቸው። መጀመሪያ ማርሹ ዜሮ ላይ መሆኑን እይ። አውራ ጣትህን በብረቱ ዙሪያ አትጠቅልል፤ ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በአንድ በኩል አድርገው። ማርሽ ላይ ያለ መኪና በማኖቬላ ካስነሳህ ሊሄድብህ የሚመጣው አንተው ላይ ነው፤ የቆምከው ፊቱ ነዋ!

ልብ በሉ፣ ማኖቬላ አስቸጋሪ ቢሆንም አንድ ነገር ያስገድድሃል፤ እዚያው መገኘትን። መኪናው ስር የተኛ ልጅ፣ ጎማ ስር የገባ ውሻ፣ የፈሰሰ ዘይት ካለ ጎንበስ ስትል ታየዋለህ።

ከዚህ ስቃይ የገላገለን ቻርልስ ኬተሪንግ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። ሰውየው ቀደም ሲል የገንዘብ መመዝገቢያ ማሽን በኤሌክትሪክ ሞተር እንዲሠራ አድርጎ ነበር። ከዚያ ሥራ አንድ ነገር ተማረ፤ ትንሽ ሞተር ቀኑን ሙሉ ከባድ ሥራ መሥራት ባይችልም ለጥቂት ሰከንድ ከአቅሙ በላይ መሥራት ይችላል። መኪና ለማስነሳት የሚያስፈልገውም ጥቂት ሰከንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1912 ካዲላክ መኪና በኤሌክትሪክ ማስነሻ ለገበያ ቀረበ። እኛ "ሞተሪኖ" የምንለው ማለት ነው። ሰው ከመኪናው ፊት ተነስቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ ይሄ የመጀመሪያው መራቅ ነው። የክንድ ጉልበት ስለማይጠይቅ ለብዙ ሴቶችና ለአረጋውያን የመንዳት በር ከፈተ።

በነገራችን ላይ "ሞተሪኖ" የጣሊያን ቃል ነው። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሽ፣ ኮፈን... የጋራዥ ቋንቋችን ግማሹ የጣሊያን ነው። ወረራው አምስት ዓመት ቆይቶ ሄደ፤ ቃሉ ግን ጋራዥ ውስጥ ቀረ። የኛን ከተማ ከወረታና ከወልድያ ያገናኘውን መንገድ ደግሞ የሠሩት ቻይናዎች ናቸው። ዓፄ ኃይለ ሥላሴ በ1964 ዓ.ም. ቻይናን ከጎበኙ በኋላ በተገኘ ብድር የተጀመረ ሥራ ነው፤ ያለቀው በደርግ ጊዜ ነው። ትልልቆቹ አሁንም "የቻይና መንገድ" ይሉታል። ንጉሥ ቴዎድሮስ ስድስት ወር የለፉበትን አቅጣጫ ዛሬ መኪና በሰዓታት ይጓዘዋል።

ወደ ቁልፋችን እንመለስ። ለረጅም ጊዜ ቁልፍ ኤሌክትሪኩን መክፈቻ ብቻ ነበር፤ ሞተሩ የሚነሳው በሌላ በተን ወይም በእግር በሚረገጥ ነገር ነው። ቁልፉን አዙሮ ማስነሳትን እ.ኤ.አ. በ1949 ክራይስለር አመጣው። ከዚያ ሌባ በዛ። ሽቦ ቆርጦ አገናኝቶ መንዳት የሰፈር ጎረምሳ ሥራ ሆነ። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ኢሞቢላይዘር መጣ። ቁልፉ ውስጥ ትንሽ ቺፕ አለች፤ የመኪናው ኮምፒውተር ቺፗን ካላወቃት ቁልፉ ቢዞርም ሞተሩ አይነሳም።

እ.ኤ.አ. በ1998 መርሴዲስ ኤስ ክላስ ላይ ቁልፍን ከኪስ ሳያወጡ መክፈትና ማስነሳት ተቻለ። የተማሪዬ ቪትዝም የዚሁ ዘር ናት። አሠራሩን በቀላሉ ላስረዳችሁ። መኪናዋ በአጭር ርቀት "ማነህ?" ብላ በሬዲዮ ትጠይቃለች። ኪስህ ያለው ቁልፍ በምስጢር ኮድ "እኔ ነኝ" ይላል። ቁልፉ መኪናው ውስጥ ካለ፣ እግርህም ፍሬን ከረገጠ፣ በተኑን ስትጫን ትነሳለች።

ፍሬን ርገጥ የሚለው ለምን መጣ? ብዙ ሰው እንደ ወግ ያየዋል። ዋናው ቁም ነገር ግን እሱ ነው። ፋብሪካው ፍሬን ርገጥ ሲልህ "ወንበሩ ላይ ሰው አለ ወይ? የሚይዝ እግር አለ ወይ?" እያለ ነው። የድሮው ሹፌር ጎንበስ ብሎ ማርሹን የሚያየው ነገር እዚህ ተተክቷል። ሰው አንድ እርምጃ ሲርቅ አንድ ጠባቂ በቦታው ይቆማል። እስካሁን ታሪኩ በዚህ መልክ ነው የመጣው።

አሁን የመጨረሻው መራቅ። ከሩቅ ማስነሳት የበረዶ ሀገር ፈጠራ ነው። ካናዳና ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ጠዋት መኪናው በበረዶ ተሸፍኖ ስለሚያድር ሰው ከቤቱ ሆኖ አስነስቶ ማሞቅ ፈለገ። ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ2004 ሸቭሮሌት ማሊቡ ላይ ከፋብሪካው ገጥሞ አወጣው። በ2009 ደግሞ በስማርት ስልክ የሚያስነሳ ተጨማሪ ዕቃ ገበያ ላይ ዋለ። ያ ዕቃ ዛሬ ስሙን እየቀያየረ፣ ዋጋውም እየረከሰ እኛ ዘንድ ደረሰ።

ዕቃው ምን ይሠራል? ሲም ካርድ ወይም ብሉቱዝ ያለው ትንሽ ሳጥን ነው። ከዳሽቦርዱ ስር ከመኪናው ሽቦዎች ጋር ይገናኛል። ስልክህን ስትጫን ሳጥኑ ለመኪናው ኮምፒውተር ሦስት ነገር ይነግረዋል፤ "ቁልፉ እዚህ አለ፣ ፍሬኑ ተረግጧል፣ በተኑ ተጭኗል" ይለዋል። ከሦስቱ አንዱም እውነት አይደለም። ወንበሩ ላይ ማንም የለም!

ይሄን ስረዳ ነው እንቅልፍ ያጣሁት። የዕቃው ሙሉ ሥራ ሰው በሌለበት ሰው አለ ብሎ መመስከር ነው። ስለዚህ የሐሰት ምስክሩን የሚቆጣጠር ሌላ ጠባቂ አብሮ ካልተገጠመ የመቶ ዓመቱን ጥንቃቄ በአንድ ጠዋት ሰርዘነዋል ማለት ነው።

የሆነ ነገር ልንገራችሁ። የዛሬ ሁለት ዓመት አንድ ዘመዴ በካምቢዮ የሚሠራ አሮጌ መኪናው ላይ ከሩቅ የሚያስነሳ ዕቃ አስገጠመ። የት እንዳስገጠመ አልናገርም፣ ጥቅምም የለው። ግቢው ተዳፋት ነው። እንደ ሁላችን ማታ ሲያቆም ማርሽ አስገብቶ ጎማው ስር ድንጋይ ይከታል። ጥሩ ልማድ ነው፣ አባቶቻችንም እንዲሁ ያደርጋሉ። ጠዋት በረንዳው ላይ ቆሞ ተጫነ። መኪናው ማርሽ ላይ ስለነበረ ሞተሪኖው ራሱ ወደ ፊት ገፋው፤ ድንጋዩን ዘሎ የቆርቆሮውን አጥር ገነጣጥሎ ቆመ። አጥሩ ስር ትንሿ ልጁ ፀሐይ ትሞቅ ነበር። ደብተሯን ረስታ ወደ ቤት የገባችው ያኔውኑ ነው። ዘመዴ ያን ቀን ሥራ አልገባም። ዕቃውን በራሱ እጅ ነቅሎ ጣለው።

ማኖቬላ ቢሆን ኖሮ ማርሹን ያይ ነበር። በቁልፍ ቢሆን ኖሮ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ፍሪሲዮን ይረግጥ ነበር። የጋፋቱን ጋሪ አስታወሳችሁ? ማንቀሳቀሻው ተገዛ፣ የሚይዘው እጅ ግን አልተገዛም።

ሁለተኛው አደጋ ጭስ ነው። ከሰል ቤት ውስጥ አግብቶ በር ዘግቶ መተኛት እንደሚገድል በየክረምቱ እንሰማለን። ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል፤ ሽታ የለውም፣ አይታይም። የቤንዚን ሞተርም ይሄንኑ ጋዝ ያወጣል። በር የተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ወይም ከመኝታ ቤት መስኮት ስር ያለን መኪና ከአልጋ ሆነህ ካስነሳህ ከሰል አቀጣጥለህ በር እንደመዝጋት ነው። ስልኩ ደግሞ ኪስ ውስጥ ሳታውቀው ሊነካ ይችላል። ሕፃን ልጅ የአባቱን ስልክ ይዞ ሲጫወት ምን እንደሚነካ እናንተው ታውቃላችሁ።

ሦስተኛው የመስረቅ ጉዳይ ነው። ኢሞቢላይዘሩን ለማለፍ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ የመኪናውን ቋንቋ የሚናገር ሞጁል መግጠም ነው። ሌላው፣ ርካሹ፣ ሁለተኛውን ቁልፍህን ወይም ቺፑን መኪናው ውስጥ ደብቆ መተው ነው። ሁለተኛው ማለት የቤትህን ቁልፍ በርህ ላይ ሰቅለህ እንደመሄድ ነው፤ የት እንደተደበቀ የሚያውቅ ሰው ይበቃዋል። በሲም ካርድ የሚሠሩት ዕቃዎች ደግሞ ብዙዎቹ ከፋብሪካ ሲመጡ የይለፍ ቃላቸው 123456 ነው። ካልቀየርከው የሲሙን ቁጥር ያወቀ ሁሉ መኪናህን ያዛል።

አራተኛው የኛው የሀገራችን ጉዳይ ነው፤ ኔትወርክ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ማንም አይረሳውም። ያኔ መተግበሪያ ላይ የተንጠለጠለ ነገር ሁሉ ቆመ። ሌሊት ምጥ የያዛትን ሴት ሆስፒታል ለማድረስ የተነሳ ሰው ኔትወርክ እስኪመጣ አይጠብቅም። ስለዚህ የትኛውም ዕቃ ቢገጠም የፋብሪካው ቁልፍ ያለ ስልክ፣ ያለ ሲም፣ እንደ ድሮው መሥራቱን ማረጋገጥ ግድ ነው።

"ቲቸር፣ አስፈራራኸን፤ ታዲያ ጥቅም የለውም?" የሚል አይጠፋም። አለው! ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል 2,700 ሜትር አካባቢ ከፍ ብላ ነው ያለችው። የጉና ብርድ ሲወርድ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ባትሪ ይደክማል፣ መስታወት ጤዛ ይለብሳል። የታመመ ሰው ወይም ጨቅላ ሕፃን ለሚያመላልስ ሰው የሞቀ መኪና ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን የዛሬ ቤንዚን መኪኖች እንደ ድሮዎቹ ሩብ ሰዓት ቆመው መሞቅ አያስፈልጋቸውም። ግማሽ ወይም አንድ ደቂቃ ቆይቶ ቀስ ብሎ መንዳት ይበቃል። ትንሽ ሞተር እንኳ ቆሞ ሲሠራ በሰዓት ግማሽ ሊትር ወይም ከዚያ በላይ ይጨርሳል። ቤንዚን ለመቅዳት ስንት ሰዓት እንደምንሰለፍ ደግሞ እናውቀዋለን።

እና ለልጁ ምን አልኩት? የሚከተሉትን ጥያቄዎች ይዘህ ወደ ባለሙያው ሂድ አልኩት።

1ኛ፣ መኪናው አውቶማቲክ ነው? ካምቢዮ ከሆነ ይቅር፤ ክርክር አያስፈልገውም። አውቶማቲክ ከሆነ ማርሹ "ፒ" ላይ ካልሆነ ዕቃው እንደማያስነሳ ዓይንህ እያየ ያሳይህ።

2ኛ፣ ኮፈኑ ሲከፈት እንዳይነሳ የሚከለክል መቆጣጠሪያ ይገጠማል? መካኒክ እጁን ቀበቶው ላይ አድርጎ እያለ አንተ ከቤትህ ብትጫን የሰው ጣት ይሄዳል።

3ኛ፣ ማንም ካልመጣ ከ10 ወይም ከ15 ደቂቃ በኋላ በራሱ ይጠፋል?

4ኛ፣ ትክክለኛው ቁልፍ ሳይኖር አንድ ሰው ገብቶ ፍሬን ቢረግጥ ሞተሩ ይጠፋል?

5ኛ፣ ቁልፌን መኪናው ውስጥ ትደብቃለህ ወይስ ሞጁል አለህ? የይለፍ ቃሉንስ እኔው እቀይራለሁ?

6ኛ፣ ሲሙ ቢወጣ መኪናዬ እንደ ድሮዋ ትነሳለች? አውጣውና እንሞክረው።

እነዚህን ሲጠየቅ ደስ ብሎት የሚመልስ ባለሙያ ካገኘህ እሱ ሥራውን ያውቃል። "ኧረ ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል!" ካለህ ደግሞ ተሰናብተኸው ውጣ። ከገጠምክም በኋላ ቢሆን መኪናዋ በዓይንህ ሳትታይህ አትጫን።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ በኋላ የኤሌክትሪክ መኪኖች ወደኛም እየመጡ ነው። አብዛኞቹ የቻይና ናቸው። መንገዳችንን የሠራው ሀገር አሁን መኪናውን ላከልን። እነሱ ላይ በስልክ ማዘዝ ከፋብሪካው አብሮ ይመጣል፤ ሽቦ መቁረጥ የለ፣ ጭስ የለ። በዚህ በኩል እፎይ ነው። ነገር ግን ትዕዛዙ ከስልክህ ወጥቶ የኩባንያው ሰርቨር ጋ ደርሶ ነው ወደ መኪናህ የሚመለሰው። ቁልፉን የያዝከው አንተ ብቻ አይደለህም ማለት ነው። የታሪክ ተማሪ ይሄንንም መጠየቅ አለበት።

ልጁ ትናንት ማታ መልሶ ደወለልኝ። ባለሙያው ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ሲደርስ "የኮፈን መቆጣጠሪያ ለምን አስፈለገህ፣ ትርፍ ወጪ ነው" አለው። "እና ምን አደረግህ?" አልኩት። "ቲቸር፣ ወፍራም ጃኬት ገዛሁ" ብሎ አሳቀኝ። ቀጥሎ ግን በቁም ነገር፣ ዕቃውን በሥርዓቱ የሚገጥም ሰው እስካገኝ ጠዋት ጠዋት ልጄን ለእናቷ አቅፌ ሰጥቼ፣ መኪናዋን ዞሬ አይቼ፣ ራሴ ገብቼ ነው የማስነሳት አለኝ። መኪና መዞርን ከአባቱ ነው የተማረው፤ አባቱ የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ።

ወዳጆቼ፣ ይሄን ዕቃ የገጠማችሁ ወይም ስትገጥሙ የኖራችሁ ካላችሁ ልምዳችሁን ኮሜንት ላይ ጻፉልን። የተሳሳትኩት ካለም አርሙኝ፤ ከተማሪ መታረም ያስደስተኛል። በካምቢዮ መኪና ላይ ሊያስገጥም ያሰበ ዘመድ ያላችሁ ግን ዛሬውኑ ደውሉለት።

ሰላም እደሩ።